አሥረኛው መርፌ

አቶ ገብረጻድቃን ከሞቱ በኋላ በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ይልቅ ጤነኛ መስለዋል።

የሰባ አራት ዓመቱ ሽማግሌ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቧል። ከንፈራቸው ቀልቷል። የጥፍሮቻቸው ሥር በሙቅ ውኃ ታጥቦ እንደወጣ ሰው ጥፍር ፈክቷል። ኢንስፔክተር ሜቲ ቀኝ እጃቸውን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበች፤ ከዚያም ግራውን፤ ከዚያም የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣቷ ገልበጥ አድርጋ አየች። አትቸኩልም። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር በጥድፊያ ያተረፈችው ነገር አልነበረም።

«አለቃ፣ ምኑ ይመረመራል?» አለ በሩ ላይ የቆመው ሳጅን ደጋጋ። «ዓርብ ተወጉ፣ ቅዳሜ አተኮሳቸው፣ እሑድ ሞቱ። እኔ ይሄን ክትባት አልከተብም ስል ትስቁብኝ ነበር።»

«የእርስዎን ክንድ ማንም አልጠየቀም፣ ጋሽ ደጋጋ። ይልቅ ብርድ ልብሱን ይያዙልኝ።»

ሳጅኑ በዕድሜ ስለሚበልጣት «እርስዎ» ትለዋለች፤ እሱም በማዕረግ ስለምትበልጠው «አለቃ» ይላታል። ሁለቱም በዚህ ተስማምተው ስድስት ዓመት ሠርተዋል።

የሟቹን ሁለት ትከሻዎች በማጉያ መነጽር መረመረች። ቆዳው የተሸበሸበ፣ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ተንበርክካ አልጋው ሥር ተመለከተች። ወለሉ በፕላስቲክ ምንጣፍ ተሸፍኗል፤ ከአልጋው ራስጌ በታች ያለው ምንጣፍ ላይ የትሪ አፍ የሚያህል ክብ ቦታ ወደ ቢጫነት ተለውጦ፣ ጠርዙ ተኮማትሯል። ከአልጋው እግር ሥር በጣት ጫፍ የምትነሳ ነጭ አመድ አገኘች። ወረቀት ላይ አድርጋ አጠፈችው።

ጠረጴዛው ላይ የሙቀት መለኪያ፣ የእንቅልፍ ኪኒን ብልቃጥና ጥቁር ደብተር ነበሩ። አቶ ገብረጻድቃን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የዝናብና የሙቀት መጠን ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ደብተሩም ከዚያው ሥራ የተረፈ ልማድ ነበር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር። ሌላ ቃል የለውም። የመጨረሻው ገጽ አራት መስመሮች ብቻ ነበሩት፤ ዓርብ ማታ 38.2፣ ቅዳሜ ጠዋት 39.1፣ ቅዳሜ ቀትር 38.8፣ ቅዳሜ ማታ 38.0። ወደ ኋላ ስትገልጥ፣ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ቅጠል ተቀዶ ሥሩ ብቻ መቅረቱን አየች። የተቀደደው ጠርዝ ገና ነጭ ነበር፤ የሌላው ገጽ ጠርዝ ግን በእጅ ብዛት ጠቁሯል።

ከአጥሩ ውጭ ሕዝቡ ይጮሃል። ከካዛንቺስ ዋና መንገድ ገባ ብሎ ያለው ይህ መንደር ወሬውን የሰማው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። በሁለት ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ደጅ የተተከለው የክትባት ድንኳን ተገንድሷል። በሁለት ተኩል ከታቢዋ ጀሚላ በድንጋይ ግንባሯ ተፈንክቶ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወስዳለች፤ የተወሰደችው ልትታከም ሳይሆን ልትታሰር ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ነገ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ፍርድ ቤት እንደሚያቀርባት ለሜቲ በስልክ ነግሯታል። ያላት ጊዜ የዛሬው ቀን ብቻ ነው።

*

የሟቹ ልጅ ራሕዋ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባምቢስ አካባቢ በሚገኝ የመጋረጃ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ትገባለች። ሳሎን ውስጥ እጆቿን ጭኗ ላይ ደርባ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ሜቲም ለዚህ ቦታ አልሰጠችም፤ ሲያለቅሱ የዋሹ ብዙ ሰዎች ታውቃለች።

ራሕዋ የነገረቻት ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ነበር። ነርሷ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቤት ድረስ መጥታ አባቷን ወግታለች፤ አረጋውያንን ቤታቸው ይከትቡ ነበርና። እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች ካርዱን ያየችው ማታ ነው። ከዚያ ትኩሳቱ ጀመረ።

«ማታውኑ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሁለት ነበር» አለች። «ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አንድ ደረሰ። ያንቀጠቅጠው ነበር። የግራ ክንዱ አብጦ ማንሳት አቃተው። ራሱን ያመዋል፣ ሰውነቱን ይቆረጣጥመዋል።»

«የለኩት እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን አለው?»

«ቅዳሜ ቀትር ላይስ?»

«ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስምንት።»

ሜቲ ጻፈች። ቅዳሜ ሱቁ ክፍት እንደሆነና እንዳልሆነ አልጠየቀችም። በምትኩ መስኮቱን ማን እንደከፈተ ጠየቀች፤ ራሕዋ ጠዋት ሞቶ ስታገኘው አየር እንዲገባ ራሷ እንደከፈተችው መለሰች።

ወንድሟ አባዲ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ደምበል አጠገብ ተከራይቶ የሚኖር የቢሮ ሠራተኛ ነው። ከእህቱ በተቃራኒ ዓይኑ አብጧል። ክትባቱ እንዲሰጥ ቀበሌ ሄዶ የአባቱን ስም ያስመዘገበው እሱ ስለነበር ራሱን እንደ ገዳይ ቆጥሮታል። ደጋግሞ «በቃ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይል ነበር። ሜቲ ውኃ አስጠጣችውና ሲረጋጋ ስለ ቤቱ ልማድ እንዲያወራ አደረገችው።

እናታቸው ትርሓስ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ በኮቪድ ሞታለች። ክትባት ገና ለሁሉም ሰው አልደረሰም ነበር። ያስታመማት አባቱ ብቻውን ነው፤ በሩን ዘግቶ «ጉንፋን ነው፣ እንዳትገቡ፣ ትጨርሱናላችሁ» አላቸው። በአራተኛው ቀን ወጥቶ መሞቷን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ አባቱ ከዚያ ክፍል አልወጣም ማለት ይቻላል። ራሕዋ ምግቡን በሩ ላይ ካለው በርጩማ ላይ ታስቀምጣለች፤ እሷ ስትሄድ ከፍቶ ይወስዳል። በሩን አይቆልፍም፤ ግን ማንም አይገባም። ቅዳሜ ማታ ብቻ፣ እሱ ጓሮ ሲታጠብ፣ ገብታ አንሶላ ትቀይራለች።

«ታዲያ ከአቶ ገብረጻድቃን ጋር መጨረሻ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት፣ በስልክ። አቦይ...» አባቱን እንደ ቤታቸው ልማድ ጠራው፤ «አቦይ ደህና ነበር እኮ። ማለቴ፣ ሰደበኝ። ደሞዜ ለምን እንዳልጨመረ ጠይቆ ሰነፍ ነህ አለኝ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሰደበኝ። የታመመ ሰው እንደዚያ ትንፋሽ የለውም።»

*

ዘበኛው ፈየራ በቆርቆሮ ጎጆው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጸሐይ ይሞቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለት ሹራብ ደርቧል። ጎጆው ከአቶ ገብረጻድቃን መስኮት ፊት ለፊት፣ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነው።

«አይዞህ፣ ወንድሜ፣ አንተን ማንም አይነካህም» አለና ሳጅን ደጋጋ ግራ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ፈየራ ጥርሱን ነክሶ ጎንበስ አለ።

ሜቲ አየችው። ሳጅኑ ውጭ ያለውን ሰው እንዲበትን ልካው ከዘበኛው አጠገብ ተቀመጠች። ስለ ጌታው ስትጠይቀው መልሱ በሙሉ «እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ» ነበር። ስለ ራሱ ስትጠይቀው ግን ሰው ጠይቆት እንደማያውቅ ሁሉ አያትና ተናገረ። ሁለት ቀን እንዳመመው፣ ብርዱ አጥንቱ ድረስ እንደገባ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ይባስ ብሎ የሚሞቀው እንዳጣ።

«ለምን? ከሰል አልቆብህ?»

«ከሰሉስ ነበረኝ። ማንደጃውን እትዬ ራሕዋ ወሰዱት። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን መጡና ወጥ ልሥራበት አሉኝ። አያይዤው ነበር፤ እንደነደደ ወሰዱት።»

«መቼ መለሱልህ?»

«ሲነጋጋ። እዚህ ደጁ ላይ አስቀምጠውት አገኘሁት። አመዱ ተደፍቷል።» ሹራቡን ወደ አንገቱ ሳብ አድርጎ ጨመረ፤ «እየተንቀጠቀጥኩ እንደሆነ ያያሉ እኮ። ግን የሰው ቤት ነው፤ ምን ይባላል?»

ሜቲ ማንደጃውን አዟዙራ አየችው። ሥሩን በመሐረቧ ለካችው።

ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ጀሚላ ግንባሯ በፋሻ ታስሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ሜቲ ፋሻውን ማን እንዳሰረላት ጠየቀቻት፤ ራሷ በመስኮት መስታወት እያየች እንዳሰረችው ነገረቻት። ወጥ ሆኖ የታሰረ፣ ንጹሕ ነበር።

«ሥራሽን ንገሪኝ» አለቻት ሜቲ። «እንደማላውቅ ቁጠሪና ከብልቃጡ ጀምሪ።»

ጀሚላ ስለ ሥራዋ ስታወራ ድምጿ ተስተካከለ። አንድ ብልቃጥ አሥር ሰው ይከትባል። ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ ይደፋል፣ ለተደፋውም ሪፖርት ይጻፋል። ስለዚህ አሥር ሰው ሳይሟላ አይከፈትም። ዓርብ ዘጠኝ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ከተበች፤ አሥረኛውን በበረዶ ሳጥን ይዛ አቶ ገብረጻድቃን ቤት ሄደች። ብልቃጡ ባዶ ሆኖ ተመልሷል። መዝገቡ ላይ አሥር ስም አለ።

«ከዚያ በኋላ ሰውን ምን ይሰማዋል?»

«የተወጋበት ክንድ ያብጣል፣ ያማል። ድካም፣ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይጀምርና በሁለት በሦስት ቀን ይሄዳል። በወጣት ላይ ይበረታል፤ አረጋዊ ላይ ቀለል ይላል። ሰውነት ለመከላከል ሲዘጋጅ የሚመጣ ነው እንጂ በሽታው አይደለም።»

«ይሠራል?»

«የተከተበ ሰው አይታመምም አልልዎትም፤ ሊታመም ይችላል። ግን ለኦክስጅን የሚዳረገው፣ የሚሞተው እጅግ ይቀንሳል። ያውም ሁለተኛውን ሲወስድ።» ከዚያ መሬት መሬት አየች። «አሁን ማን ያምነኛል?»

«ዓርብ የሰጠሽው አሥረኛው መርፌ ሰው አልገደለም» አለች ሜቲ። «አንቺም ይህን ታውቂያለሽ። እንዴት እንደምታውቂ ግን አልነገርሽኝም።»

ጀሚላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሜቲ መዝገቡን ከማስረጃ ክፍል አስወጥታ በብብቷ ያዘችና አሥር ሰዓት ላይ ካዛንቺስ አምጧት ብላ ለጠባቂዎቹ ነግራ ወጣች።

*

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎን ውስጥ ነበሩ። ራሕዋና አባዲ ሶፋው ላይ፣ ጀሚላ በካቴና በሩ አጠገብ፣ ፈየራ ደግሞ ቁጭ በል ቢባልም እምቢ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ። አስከሬኑ ለምርመራ ሄዷል። ሳጅን ደጋጋ በሩን ዘጋ።

«የአስከሬን ምርመራው ውጤት ቀናት ይፈጃል» አለች ሜቲ። «ምን እንደሚል ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። አቶ ገብረጻድቃን በከሰል ታፍነው ነው የሞቱት።»

አባዲ ቀና አለ። «ከሰል? አቦይ ክፍል ውስጥ ከሰል ገብቶ አያውቅም።»

«አንድ ሌሊት ገብቷል። ከሰል የገደለው ሰው አይገረጣም፤ ይቀላል። ጠዋት ከንፈራቸውንና ጥፍራቸውን ሁላችሁም አይታችኋል። አልጋው ሥር ምንጣፉ በክብ ተኮማትሯል፤ የክቡ ስፋት ከፈየራ ማንደጃ ሥር ጋር በመሐረብ ስለካው አንድ ነው። አመድም አግኝቻለሁ። አባትህ በየማታው የእንቅልፍ ኪኒን ይወስዱ ነበር። በሩ አይቆለፍም። ማንደጃውን አግብቶ መስኮቱንና በሩን መዝጋት፣ ሲነጋ አውጥቶ አየሩን መቀየር፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም።»

«ማንደጃው የሱ ከሆነ እሱን ያዙት» አለች ራሕዋ። ወደ ፈየራ አላየችም።

«እኔ አስገብቼው ቢሆን ስለ ማንደጃው አንሥቼ እናገር ነበር?» አለ ፈየራ። ይህን ለእሷ ሳይሆን ለግድግዳው ይመስል ነበር የተናገረው።

«ወጥ ሠርቼበታለሁ።»

«ማድ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፤ ትናንት ማታም መብራት ነበር» አለች ሜቲ። «የተሠራ ወጥም አላገኘሁም። ግን ይህን እንተወው። እኔን የያዘኝ ማንደጃው አይደለም፣ ቁጥሮቹ ናቸው።»

ጥቁሩን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ራሕዋ አባቷን ራሷ እንደለካች ነገረችኝ፤ ቁጥሮቹን ከነነጥባቸው አንድ በአንድ ጠራችልኝ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ግን ባምቢስ ሱቅ ውስጥ ነበረች፤ አሠሪዋን ደውዬ ጠይቄያለሁ። ወደ ክፍሉም ማንም አይገባም። ስለዚህ አልለካችም፤ ከዚህ ደብተር አነበበች። ያነበበችው መቼ ነው? ቅዳሜ ማታ፣ አንሶላ ስትቀይር። ያየችው ቁጥር የአባቷ ትኩሳት መሰላት። ማንስ ቢያይ ይመስለዋል። የክትባት ካርድ አለ፣ የሙቀት መለኪያ አለ፣ ቁጥር አለ። ትኩሳት ካለ የቀረውን፣ የክንዱን እብጠት፣ ብርዱን፣ ራስ ምታቱን፣ በየድንኳኑ ከሚነገረው ላይ ጨምራ ሞላችው።»

«ታዲያ የማን ነው ቁጥሩ?» አለ አባዲ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባትህ በስልክ ሩብ ሰዓት ሰድበውሃል። ትከሻቸው ላይ እብጠትም የመርፌ ምልክትም የለም። ፈየራ፣ ግራ ክንድህን አሳያቸው።»

ፈየራ ወደ ጀሚላ አየ። ጀሚላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሹራቦቹን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። ትከሻው ላይ መሐሉ የጠቆረ፣ ጠንካራ እብጠት ነበር።

«ንገሪያቸው» አለች ሜቲ።

ጀሚላ ቀስ ብላ ተናገረች። ዓርብ ስትደርስ ሽማግሌው በሩን ሳይከፍቱ በመስኮት አነጋገሯት። ዘበኛውን ጠርተው «እሱን ውጊው፣ ሳምንት ልየው፣ ካልሞተ እኔ እወጋለሁ» አሉ። ካርዱ ግን በእሳቸው ስም እንዲጻፍ አዘዙ። እምቢ ስትል ለአለቃዋ እንደሚደውሉ ነገሯት። ባለፈው ወር ሁለት ዶዝ ስለደፋች ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ነበር፤ ሦስተኛ ብትደፋ ከሥራ ትወጣለች። ፈየራ የቀበሌ መታወቂያ ስለሌለው በራሱ ስም ልትመዘግበው አልቻለችም። ብልቃጡ ውስጥ የቀረው የአንድ ሰው ነበር፤ ሰዓቱም እየሄደ ነበር።

«ከዚያ በመስኮት የሙቀት መለኪያውን ይሰጡኛል» አለ ፈየራ። «ብብቴ ሥር አድርጌ እመልሳለሁ። ይጽፋሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሲያዩት ሣቁ። ጥሩ ነው፣ እንዳትተኛ፣ በደንብ ላይህ አሉኝ።»

ሳጅን ደጋጋ ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አደረገው።

«አባታችሁ ክትባቱን እንዳልወሰዱ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ» አለች ሜቲ፤ «ራሳቸው፣ ጀሚላና ፈየራ። ከነዚህ አንዱ ቢገድላቸው ኖሮ በመርፌው አያሳብብም ነበር፤ አንድ እብጠት የሌለበት ክንድ ያጋልጠዋልና። አባዲም ቢሆን ስለ ትኩሳት የሚያውቀው አልነበረም፤ ደህና ነበር እያለ ሲከራከረኝ ዋለ። ግድያውን በዚያ መርፌ መሸፈን የሚችለው መርፌው መሰጠቱን ያመነ፣ ቁጥሮቹንም ያነበበ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ማንደጃውን እዚያው ቢተወው ኖሮ አደጋ ነው ብዬ እሄድ ነበር። ሽማግሌው በርዷቸው ከሰል አስገቡ እል ነበር። ግን ማን አስገባው ተብሎ እንዳይጠየቅ አወጣው። መርፌው ይበቃል ብሎ አስቦ ነበር።»

ራሕዋ የፈየራን ክንድ ትመለከት ነበር። ከሶፋው ሳትነሳ፣ እንደ ሸቀጥ፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«አልወሰደውም?» አለች።

«አልወሰዱም።»

«አንዲት ጠብታ እንኳ?»

«አንዲት ጠብታ እንኳ።»

ራሕዋ ከደረቷ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለወንድሟ ሰጠችው። የተቀደደው ገጽ ነበር። አባዲ ዘረጋው። ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ የትንፋሽ ብዛት። ለአራት ቀን በየሁለት ሰዓቱ፣ በቀጥታ መስመር፣ ያለ አንድ ስርዝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ትንፋሹ በደቂቃ አርባ አራት ነበር። መጨረሻው መስመር ላይ ሰዓቱ ከነደቂቃው ተጽፎ ከፊቱ ዜሮ ተቀምጧል።

«እናታችን በደቂቃ አርባ አራት ጊዜ ስትተነፍስ፣ ሐኪም የሚጠራበት ስልኩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር» አለች ራሕዋ። «እኔ በሩ ማዶ ነበርኩ። ጉንፋን ነው አለኝ። አምኜ ሾርባ ሠራሁ።»

አባዲ ወረቀቱን ከፊቱ አላነሳም።

«ክትባቱ ለእናታችን፣ ለአደይ፣ አልደረሰላትም» አለች። «ለሷ ሳይደርስ ለሱ በበረዶ ሳጥን ተይዞ መስኮቱ ድረስ መጣለት። ትናንት ማታ አንሶላ ስቀይር ይሄን ገጽ አገኘሁ፤ ካርዱንም አየሁት። ይሠራል ይላሉ፣ አይሞትም ይላሉ። ይሄ ሰውዬ ሌላ ሃያ ዓመት ሊኖር ነው፣ ምግብ በርጩማ ላይ ላስቀምጥለት ነው አልኩ።»

«ስለማይሠራ አይደለም የገደልሽው» አለች ሜቲ። እስከዚህ ሰዓት «እርስዎ» ስትላት ነበር። «ስለሚሠራ ነው።»

«አዎ።»

«ነርሷ እስር ቤት እንደምትገባ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች ራሕዋ። ጀሚላን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። «ለሱ መድኃኒት ያመጣች ሴት ናት። ምን አገባኝ?»

ሳጅን ደጋጋ ካቴናውን ከጀሚላ እጅ ፈትቶ ራሕዋ እጅ ላይ አደረገው። ሁለተኛ ካቴና አላስፈለገም።

ራሕዋ ከወጣች በኋላ ጀሚላ አንጓዋን እያሻሸች ወደ በሩ ሄደች። ሜቲ ጠራቻት። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አሥረኛው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይህ እንዳለ ነገ ፍርድ ቤት ከገባ፣ በወረቀት አቶ ገብረጻድቃን የተወጉ ሰው ናቸው። የራሕዋ ጠበቃ ይዞት ይነሳል፤ አንቺም አብረሻት ትከሰሻለሽ። በእጅሽ ጽሑፍ መስተካከል አለበት።»

«ካስተካከልኩት በሐሰት እንደመዘገብኩ አመንኩ ማለት ነው።»

«ማለት ነው።»

«የሙያ ፈቃዴን ይወስዱብኛል?»

«ይወስዱብሻል። ለጤና ቢሮው የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ጀሚላ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ግንባሯ ላይ ያለው ፋሻ ደም አስርጓል። ከዚያ ብዕሩን ተቀብላ የሟቹን ስም በአንድ ቀጥታ መስመር ሰረዘችው። ከላዩ «ፈየራ» ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ።

«የአባትህ ስም ማነው?»

ፈየራ ወደ ተዘጋው የጌታው ክፍል አየ። «ሊካሳ» አለ።

ጻፈችው። ዕድሜውን ጠየቀችው፤ ሠላሳ አንድ። እሱንም ጻፈች። ከዚያ ዓርብ ልትነግረው የሚገባትን ነገረችው፤ ክንዱ እንደሚያብጥ፣ ሊያተኩሰው፣ ሊያንቀጠቅጠው እንደሚችል፣ በሦስት ቀን ውስጥ እንደሚተወው።

«ይሄን ያኔ ብትነግሪኝ» አለ ፈየራ፤ «የምሞት መስሎኝ ቅዳሜ ለሚስቴ ደወልኩ። ልጆቹን አደራ አልኳት። ላሟን ሽጪ አልኳት። እስካሁን እያለቀሰች ነው።»

ጀሚላ ይቅርታ አልጠየቀችም። ይቅርታ የሚበቃ ቢሆን ትጠይቅ ነበር። ባዶ ካርድ ከመዝገቡ ኪስ አውጥታ ስሙን ከነአባቱ በትልልቅ ፊደል ጻፈችለት፤ የሚቀጥለውን ቀን በጣቷ ቆጥራ ሞላችና ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት።

«ሁለተኛው ከአሥር ሳምንት በኋላ ነው፤ እንዳትቀር» አለችው። «የሚወጋህ ግን ሌላ ሰው ነው።»